የጎደለው ጀሪካን

ዛሬ ጠዋት ማር ሳሞቅ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከስልኬ ያወጣሁት የኬክ አሠራር «ማር፣ ግማሽ ሊትር» ይላል፤ እኔ ያለኝ ደግሞ ሚዛን ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ሰባት መቶ ግራም መዘንኩ። ይችን ሂሳብ በምን መከራ እንደተማርኳት ልንገርሽ።

እህቴ ልትዳር አሥር ቀን ቀርቷት ነበር። የምትወደውን ነበር የምታገባው፤ ይኼ ለስንቱ ይደርሳል? የሙሽራው አባት ለጠጁ ሃያ ኪሎ ማር ሊያመጡ ቃል ገብተው ስለነበር፣ ሙሽራውን ራሱን ቢጫ ጀሪካን አሸክመው ከአዲ አርቃይ አዘዞ ቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ ጀሪካኑን በር ላይ አቆመው። ፀሐይዋ በላስቲኩ ውስጥ አልፋ ማሩ የት እንደደረሰ አሳየችን። ከላይ ሲሶ ያህል ባዶ ነበር።

«ይኼ የሃያ ሊትር ነው፤ ምነው ጎደለሳ?» አለ አባቴ።

«አስመዝኜ ነው ያመጣሁት። ሃያ ኪሎ ነው፣ ሸጋ ማር።»

እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አስተማሪያችን ውሃ መዝኖ ያሳየን በዚያው ሳምንት ነው። ማን ጠራኝ? «አንድ ሊትር ማለት እኮ አንድ ኪሎ ነው! ስድስት ኪሎ ጎድሏል» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«በልጄ ሠርግ ትሰርቀኛለህ?» ብሎ አባቴ ጮኸ። አንቱታው ቀረ።

«ሌባ አባትህ!» አሉ ሰውዬው፤ በዱላቸውም ግንባሩን ፈነከቱት። አባቴ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ከደጅ የነበረውን ዘነዘና አነሳ። ሙሽራው መሃል ገባ። «አያ፣ ተዉ! በእመቤቴ!» እያለ ዘነዘናው መንጋጋው ላይ አረፈ። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ጥርሱን ከነደሙ ተፋው። አባትየው አባቴን አንቀው ከግድግዳው ጋር ደጋግመው አላተሙት። እናቴ እሪ ስትል ጎረቤት ደርሶ በስንት ትግል አላቀቃቸው። የጀሪካኑ ክዳን እንኳ አልተከፈተም ነበር።

ቁስለኞቹ ሐኪም ቤት እንደተወሰዱ እኔና እናቴ ጀሪካኑን ወፍጮ ቤት ወስደን አስመዘንን። ባለወፍጮው የባዶ ጀሪካን ክብደት ቀንሶ «ልክ ሃያ ኪሎ» አለን። «ማር ከውሃ ይከብዳል እኮ! ይኼን የማያውቅ አለ?» ብሎም ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እዚያው ዱቄቱ ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌ ተላከ። አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውዬው ይቅር አሉ፤ ልጃቸውን ግን «ደሙ ከፈሰሰበት ደጅ አልድረውም» አሉ። ልጁ መንጋጋው ታስሮ ስለነበር እምቢ የሚልበት አፍ እንኳ አልነበረውም። በዓመቱ ሌላ አገባ። እህቴ ሳታገባ ቀረች።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ራሱን ሲረግም እኔ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። አምና ግን አልቻልኩም፤ እህቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እግሯ ላይ ወድቄ «ያን ቀን ነገሩን የለኮስኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ጓዳ ሆኜ ሰምቼሻለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ምነው ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እሱን አጥቼ፣ አንቺንም ልጣሽ?»