አባቴ ታስሮ ያለፈበት አስፋልት

ይህ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ጎንደር ፒያሳን በረገጥኩ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አገራችን ከጎንደር በላይ ያለው ደጋ፣ ኮሶዬ ነው። አባቴን የአጎቱ ልጅ ርስቱን "የእኔ ነው" ብሎ ከሶት ቀጠሮው ለሦስት ሰዓት ነበር። የቀረ ሰው ይፈረድበታል። ከዋዜማው ወጥተን ዘመድ ቤት አደርንና ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ፒያሳ ደረስን።

ፒያሳ ሌላ ሆና ጠበቀችን። ጣልያን የሠራቸው ፎቆች ቀለም ተቀብተዋል፤ ከፖስታ ቤቱ እስከ ሲኒማ ቤቱ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ የኬክ ቤቱ ወንበሮች ሳይቀሩ ታጥበዋል። ለካ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ሊመጣ ኖሯል! ፍርድ ቤቱ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ገና አስፋልቱን ስንረግጥ አንድ ፖሊስ ዱላውን አባቴ ደረት ላይ አጋደመ።

"ባና ለብሶ በዚህ ማለፍ ክልክል ነው! በወንዙ በኩል ዙር!"

የደጋ ሰው ከባና ሌላ ምን ይልበስ? የበጎቻችንን ጠጉር እናቴ ፈትላ ያሠራችው ሸጋ ባና ነው እኮ!

"ምነው ልጄ?" አለ አባቴ ረጋ ብሎ። "ይህ መንገድ ሲሠራ ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ አይደለን? ቀጠሮ አለብኝ፤ ከዞርኩ አልደርስም፤ ይፈረድብኛል።"

"አንተ ባላገር! እንግዳ ፊት እንዲህ ሆነህ ልትታይ ነው?" ብሎ ገፈተረው። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ። በረንዳው ላይ ሻይ ከሚጠጡት ባለኮቶች አንድም የተነሣ የለም። እግዜር ይይላቸው!

አባቴ ተነሣና የፖሊሱን ክንድ ጨበጠ።

"በሕግ አምላክ! ገፍትረኸኛል፤ ዳኛ ፊት አቅርበኝ!"

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አልፎ አይሄድም። ፖሊሱም ቀጥ አለ። ሰው ተሰብስቦ ሲያየው ግን አፈረና ባሰበት።

"ዳኛ ነው የምትሻ? ና! የማስፈርድብህ እኔ ነኝ!" አለና የአባቴን እጅ በገዛ መቀነቱ የኋሊት አስሮ፣ በዚያው ክልክል ባለው አስፋልት መሃል ለመሃል ነዳው። እኔ እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኩ።

ፍርድ ቤቱ ስንደርስ ጠሪው "ገላው ተሰማ!" እያለ ለሦስተኛ ጊዜ ይጣራል።

"አቤት! አለሁ!" አለ አባቴ እንደታሰረ።

"ይኸ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?" አሉ ዳኛው።

"ባና ለብሶ በአስፋልቱ ሊያልፍ..." አለና ፖሊሱ የቀረውን ዋጠው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው አልሳቁም፤ "ፍታው!" ብቻ አሉት። ነገሩ ተሰማ፤ ርስታችን ተረፈ።

ስንመለስ ያው ፖሊስ ቦታው ላይ ቆሟል። አባቴ አየት አደረገውና በወንዙ በኩል ዞረ።

ዘመዶቻችን ዛሬም በየሠርጉ "አያ ገላው እኮ ፖሊሱን መንገድ መሪ አደረገው!" እያሉ ይስቃሉ። እኔ ሳቅ አይመጣልኝም። ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ለማለፍ መታሰር አለበት? ያ እንግዳ ደግሞ ያን ቀን ሳይመጣ ቀረ አሉ። ቢመጣስ ኖሮ? አባቴ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?