ከጆንያው ሥር የነበሩት ደብተሮች

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የቡና ማድረቂያውን አልጋ መረብ መወጠር ነበር። እሱ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ እየቆረጠ ያቀብለኛል፤ እኔ አስራለሁ። አንዱ ሲለጠጥ ተበጠሰና እጄን ገረፈኝ። ይቅርታ ማለት ሲገባው ሳቀ።

«አየሽ? እኔ ሁልጊዜ የምነግርሽ ይኼንን ነው።»

«ትምህርቱን ተወውና ቋጠሮውን ያዝልኝ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ።

ሁልጊዜ የሚነግረኝ ይኼ ነበር። ፕላዝማ አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን እስኪጥሉ ድረስ የጋለ ጋዝ ነው። በውስጡ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ የመግነጢስ መስመሮች ሲጠጋጉ ይበጠሱና እርስ በርስ እንደ አዲስ ይያያዛሉ። የተወጠሩበትን ጉልበት ለጋዙ ይለቁለታል፤ ጋዙ የባሰ ይግላል። ውጭ አገር ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ሁለት የፕላዝማ ቀለበቶችን እያጋጩ ይሞክሩታል። እሱ እዚህ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ፊዚክስ እያስተማረ፣ ከሙቀቱ ምን ያህሉ ለከባዶቹ አዮኖች፣ ምን ያህሉ ለቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች እንደሚደርስ ያሰላላቸው ነበር። የፀሐይን ዓይነት እሳት በምድር ለማግኘት መጋል ያለባቸው ከባዶቹ ናቸው። መብራት ስለሚጠፋ በእጁ ይጽፋል። አራት ደብተር ሞልቶ ነበር። ሌላ ቅጂ የለም።

ታላቅ ወንድሙ ከቴፒ ለቀብር መጥቶ በዚያው ቀረ። ደረቅ ቡናውንም በጆንያ አስጭኖ አመጣና የባለቤቴን የሥራ ክፍል ሞላው። አልከለከልኩትም። ለቅሶ ላይ ዝም ማለት ያስመሰግናል።

የአርባው ቀን አንድ አስተማሪ ባልደረባው ቀረበኝ። ቤተ ሙከራው የመጨረሻው ስሌት እንዳልደረሰው ጽፎ እንደነበር ነገረኝ። ደብተሮቹን ላወጣ ገባሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ከጆንያዎቹ ሥር ሰማያዊ ሽፋን አየሁ። እዚህ አገር ሕፃንም ቢሆን ከቡና ጆንያ ሥር እንጨት እንደሚረበረብ ያውቃል፤ ወንድሙ ግን እንጨት ለመፈለግ ሰነፈ።

«ጋሼ፣ ደብተሮቹን ምን አደረጓቸው?»

«አነጠፍኳቸዋ! ወለሉ ይረጥባል፣ ቡናው ይሻግታል።»

«የወንድምዎን ሥራ?»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ፣ እህቴ! መግነጢሱ ጎትቶ የሚያስነሣው መሰለሽ?»

በር ላይ ከቆሙት ለቀስተኞች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የላይኛውን ጆንያ ጎትቼ ጣልኩት። አፉ ተፈታና ቡናው እርጥቡ ወለል ላይ ተበተነ።

«ቡናዬን! ምን ነካሽ አንቺ?»

«ይልቀሙት። ለቅሶ የመጣ ሰው ሥራ አይፈታም።»

በማግስቱ ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጡ። ቡና መድፋት ነውር መሆኑን ነገሩኝ። ስለ ደብተሩ ያነሣ አልነበረም። በሩን ይዤ እንደቆምኩ ሸኘኋቸው። ወንድሙም ጆንያዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ሰላም አልተባባልንም፤ አንባባልምም።

ሦስቱ ደብተሮች ደህና ናቸው። ወለሉን ነክቶ የከረመው አራተኛው ነው፤ የመጨረሻው ስሌት ያለበት። ቀለሙ ፈስሷል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ የቀረው የጆንያው ሽመና ምልክት ብቻ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን አልጋው ላይ ካሰጣሁ በኋላ፣ ለቤተ ሙከራው እንዲላክ አራተኛውን ደብተር በንጹሕ ወረቀት ላይ እገለብጣለሁ። ያልተነበበልኝን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ።