ሮቤ ሳላርፍ የተመለስኩበት ቀን

ባለፈው ጥቅምት ለእህቴ ልጅ ሠርግ ጎባ ነበርኩ። ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠን የገብስ ቆሎ ስንቆረጥም ከአዲስ አበባ ወደ አጎራባቿ ሮቤ የመጣው አውሮፕላን ከደመናው በላይ ሲያጉረመርም ሰማን። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፤ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ወደ ሰሜን ሄደ። የሙሽራው አጎቶች ተሳፍረውበት ስለነበር ቤቱ በእሮሮ ተሞላ። አንድ ጎልማሳ፣ አብራሪው ትንሽ ቢደፍር ኖሮ ይገባ ነበር አለ። እኔ ከአብራሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ በረራ አልከራከርም። ጆሮዬ ግን የሚርቀውን ድምፅ ተከትሎ ወደ ወጣትነቴ ሄደ።

አባቴ፣ ሹፌር ከድር፣ ከጎባ ደሎ መና አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ቦታዬ ከጎናቸው፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ አራት የታጠፈ ጋቢ ተነጥፎልኝ ነው። ከፍተኛው የሳነቴ አምባ ላይ ስንወጣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ከበታቼ ግን ሞተሩ ይሞቃል። ጉም መጥቶ መስታወቱን ሲያለብሰው፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ፣ አውቶቡሱ መሬት ለቅቆ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ሀረና ጫካ ስንገባ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይቀሰቅሰኛል። መብረር የተመኘሽው መቼ ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ምናልባት እዚያ ክዳን ላይ ይሆናል እላለሁ።

አብራሪነት ልማር ስል አባቴ አልወደዱትም። አልተቆጡም፤ እኔን ማነጋገር ብቻ ተዉ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በስልክ የማገኘው እህቴን ሶፊያን ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና ጀመርኩ። አስተማሪዬ ካፒቴን ታምራት ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ግንባሬ ላይ መከለያ ይደፋልኝና ሰፊውን ሰማይ ከፊቴ ወደ ተደረደሩት ሰዓት መሳይ መሣሪያዎች ያጠብበዋል። ደመና ውስጥ ሰውነት ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ ተጋድሞ እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። ይህን ደብተሬ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። መጻፍና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

አንድ ቀን የረጅም መንገድ ልምምዴ ወደ ሮቤ መሆኑ ተነገረኝ። አርፈን፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተን እንመለሳለን። ለሶፊያ ደወልኩላት። በማግስቱ መልሳ ደውላ፣ አባቴ አውቶቡሱን ለባልደረባቸው ሰጥተው ሊቀበሉኝ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራውን ጭኮም አዘዋታል፤ ቅቤው በዛ እንዲል። ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ እውነት እሳቸው ናቸው ያሉት? እሳቸው ናቸው አለችኝ።

አዲስ አበባ የጥቅምት ሰማይዋ ጠርቶ ነበር። ባሌ ግን ዝናቧን ገና አልጨረሰችም። ከአርሲ ተራሮች ወዲያ ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተዘርግቶ ጠበቀን። ካፒቴኑ መከለያውን አወለቀልኝና፣ አሁን እውነተኛው ስለመጣ አያስፈልግሽም አለኝ።

ገባንበት። ብርሃኑ ወተት ሆነ፣ ላይና ታች ጠፋ፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። በሬዲዮ ምልክት እየተመራሁ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ማኮብኮቢያው ሳይታይ ከዚህ በታች አይወረድም የተባለ ከፍታ አለ፤ እዚያ ስደርስ ምንም አልታየኝም። ድንገት በስተግራዬ ደመናው ተቀደደ። በቀዳዳው ያልታጨደ የስንዴ ማሳ፣ እርጥብ መንገድ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ። አባቴ ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።

ትንሽ ዝቅ ብልስ ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ብቻ መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ወደ መሣሪያዎቹ ስመልስ ግን አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጋድሟል፣ ከፍታችንም እየቀነሰ ነው። እጄ ሳያስፈቅደኝ አውሮፕላኑን ወደ ቀዳዳው አዙሮ ኖሯል። ሰውነቴ ቀጥ ብለሻል እያለ ይምልልኛል። የካፒቴኑ እጅ መሪው አጠገብ ደርሶ ቆሟል፤ አልነካም። ሰውነቴን ትቼ መሣሪያውን አመንኩ፤ ክንፉን አቃናሁ፣ ለሞተሩ ኃይል ጨመርኩ፣ ሽቅብ ወጣሁ። ቀዳዳው ከኋላችን ተዘጋ።

"እንመለሳለን" አልኩ።

"ለሌላ ሙከራ ነዳጅ አለን" አለ ካፒቴኑ። ሊፈትነኝ ይሁን አዝኖልኝ አላወቅሁም።

"ዛሬ እጄን አላምነውም። ታች አባቴ አሉ።"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከደመናው በላይ ፀሐይ ነበር። የአውሮፕላናችን ጥላ በቀለማት ቀለበት ተከብቦ ነጩ ላይ እየተንሸራተተ ይከተለን ነበር። እያየሁት አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሶፊያ የምትሠራበት ሱቅ ደወልኩ። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር ስልኩን አባቴ ተቀበሏት።

"ድምፅሽን ሰማነው" አሉ። የአውሮፕላኑን ማለታቸው ነው።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በከንቱ አስጠበቅኋችሁ።"

ከእኔ ደብቀውት የኖሩትን ነገሩኝ። እኔ ሳልወለድ፣ ሳነቴ ላይ ጉም ሲወርድ ሊያቆሙ አስበው ነበር፤ ተሳፋሪው ሲያጣድፋቸው ግን ነዱ። አውቶቡሱ ተንሸራትቶ ተገለበጠ፤ አንዲት እናት ሞተች። በየዒዱ አንገቱ ከተማ ድረስ ሄደን የምንጠይቃቸው፣ እኔ ዘመዶቻችን የሚመስሉኝ ሰዎች፣ የእሷ ልጆች ናቸው።

"ሰው ጭነሽ ጉም ውስጥ መግባትሽን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩሽ" አሉ። "ዛሬ ስትመለሺ ስሰማ እዚያው ሣሩ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ።"

በአራተኛው ቀን ጭኮውን ይዘው አዲስ አበባ መጡ። ካፒቴን ታምራትም አብሮን በላ፤ ጣቱን እየላሰ ቅቤው ከየት ነው ብሎ ጠየቀ። አባቴ ከአጋርፋ ነው አሉትና ሁለቱ ስለ መንገድና ስለ ጉም ሲያወጉ ዋሉ።

ለሠርጉ ቤት ጎልማሳ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። የሙሽራው አጎቶች በማግስቱ ደርሰው ከሁሉም በላይ ጨፈሩ። አባቴ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሮቤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳረፍኩ አልቆጠርኩም። ተሳፋሪዎች ሲወርዱ ስላሳረፍኳቸው ያመሰግኑኝ ነበር። ስለመመለሴ ያመሰገነኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።