መርዶውን በር ላይ ያቆምኩ ዕለት

የወንድሜን መሞት ከተማችን ሰቆጣ ከእኔ ቀድማ ሰማች። ገበያ ስወጣ ሁልጊዜ የሚቀልዱብኝ ባለሱቆች ዓይናቸውን ሰበሩ፤ የማውቀው የባጃጅ ሾፌር ሳይጠራኝ አለፈ። አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ብቻ ጨክና ስልኳን ሰጠችኝ። ፌስቡክ ላይ የወንድሜ ፎቶ፣ አጠገቡ የሚነድ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚል መዓት ሰው። ወደ ሳውዲ ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ ይላል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በወልድያ አውቶቡስ የተሳፈረ ዕለት።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይመክራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ሐዘንተኛዋ እንዳትሰማ አገር ሁሉ አፉን ይይዛል። ለእናቴም ይህንኑ እያሰናዱላት ነበር። ማንበብ አትችልምና ምስጢሩ ይጠበቃል ብለው ነው። ስልክ ያለው ሁሉ የልጇን ሞት በኪሱ ይዞ «እንደምን አደርሽ» ይላት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ሻማውን የለጠፈውን ሰው «ማን ነገረህ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ከሌላ ሰው ገጽ አይቼ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ያኛውን ጠየቅኩት፤ እሱም ከሌላ ነው። እንዲህ ወደ ኋላ ስሄድ መጨረሻ ላይ ከወንድሜ ጋር የወጣ የጽጽቃ ከተማ ጎረምሳ አገኘሁ። እሱ የጻፈው «ባሕሩ ዳር ተለያይተናል፤ ይህን ጓደኛዬን ያየ ይንገረኝ» ብቻ ነው። ጀልባውን አንዱ ጨመረ፣ ሻማውን ሌላው ለኮሰ።

ስልክ መጥቶ አጠፋን የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። እውነቱ ጋ ያደረሰኝም ያው ስልክ ነው። ለማጋራት የፈጠነ ጣት «እርግጥ ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ያዘው? ይህን ላጋሩት ሁሉ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መርዶ ነጋሪዎቹ መጡ፤ አጎቴ ከፊት ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ዞር በይ።»

«ሲሞት ማን አየው? እርስዎ አይተዋል?»

«ስልኩ ላይ ወጥቷል እኮ! አገር አልቅሶ እናቱ ሳታለቅስ ልትቀር ነው?»

«ካላየ ሰው መርዶ አልቀበልም፣ አጎቴ። አያልፉም።»

«ይቺ ልጅ ወግ ልታፈርስ ነው!» አለ አንዱ። እጄን ከመቃኑ አላነሳሁም።

እናቴ ከኋላዬ ወጣች። ስትቆጣ አማርኛው ይጠፋታልና ለወንድሟ ለአጎቴ በአፍ መፍቻዋ በኽምጥኛ ተናገረች። «ከሰሞኑ ጨው እንኳ ሊለምነኝ የመጣ ጎረቤት የለም። የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ልጄ ሲሞት ያየ ካለ ይናገር።»

አጎቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እንግዲያው ግቡና ቁርስ ብሉ» አለች። ሊያረዱን የመጡ ሰዎች ቁርሳቸውን በልተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከበደኝ። ሰዎች እኔን «አቅሏን ስታለች» አሉኝ። እኔም ብሳሳትስ እያልኩ እፈራ ነበር፤ እናትን ከለቅሶዋ መከልከል ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ግን በየምሽቱ ስልኩን ታቀብለኝና «ፈልጊው» ትለኛለች። በየሻማው ሥር «አልሞተም» ብዬ መጻፌን አልተውኩም። አንዳንዱ ሰደበኝ፤ እኔም የሚገባውን መለስኩለት።

አንድ የገበያ ቀን የጽጽቃው ልጅ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እኔ ሳልሰማው ለእናቴ ከፈትኩላት። «እማ፣ አለሁ። ስልኬን ቀምተውኝ ነው።» የወንድሜ ድምፅ ነበር።

አዳመጠችው። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች፣ ያን ዕለት እምቢ ያለችውን ለቅሶ ሁሉ። መንደሩ ሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ አጎቴም ከገበያ እየሮጠ ደጃችንን ሞሉት።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ከፈትኩላቸው።