ዘጠኝ ሰዓት ያልደረሰበት በረራ

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሁዳዴ ጾም እናቴ ከአዲስ አበባ ዳላስ ልትጠይቀኝ መጣች። መንገዱ ከአሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ የምትቆይበት ሲታከልበት ሃያ ሁለት ሰዓት። የጾም ምግብ አዝዤላታለሁ፣ ዊልቸር አዝዤላታለሁ፣ ሁሉን ነገር የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ከምኖርባት ትንሽ ከተማ ከሳክሲ በጠዋት ወጥቼ መኪናዬን ፓርክ አደረግሁና መንገደኞች የሚወጡበት በር ላይ ቆምኩ። ዊልቸሩ ብቅ ሲል እናቴን አላወቅኳትም። አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ ስኳር አለባት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጾሜን ነኝ።»

ዊልቸሩን የምትገፋው ጠና ያለች ሴት የአገራችን ሰው ናት። «ውሃ እንኳ ይጠጡ ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለችኝ።

ጁስ ከፍቼ ወደ አፏ ሳስጠጋ በእጇ መለሰችው። «ዘጠኝ ሰዓት መቼ ደረሰ?» ብላ የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። የዳላስ ሰዓት ነው።

«ሰዓትሽን ማን ነካው?»

«ወንድምሽ ነዋ። ቦሌ ሲሸኘኝ፣ እዚያ ስትደርሺ እንዳይምታታብሽ ብሎ።»

ወንድሜ ገና ሳትሳፈር ሰዓቷን ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶላታል። ሶ፣ አገር ቤት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእሷ ሰዓት ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በመስኮት ብታይ ፀሐይዋም አልገፋ ብላታለች። ምግቡ በመጣ ቁጥር ትመልሳለች። ክኒኗም ከምግብ ጋር ስለሆነ አልተዋጠም። ማታ ወደ ቦሌ ስትወጣ ከቀመሰችው ወዲህ እህል ውሃ በአፏ አልዞረም።

ዊልቸሩን የምትገፋው ሴት እናቴ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እናቴ፣ አዲስ አበባ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃሉ? ከምሽቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው። ጎረቤትዎ ሁሉ በልቶ ጨርሷል።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ጾማቸውን ፈትተዋል?»

«ፈትተው እራታቸውንም በልተዋል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ጉድ እኮ ነው። እኔ እዚህ ሰማይ ላይ ለማን ነው የምጾመው?» አለችና እጇን ለጁሱ ዘረጋች።

ጠርሙሱን በሁለት እጄ ነው የያዝኩላት። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ እስከ ማታ አልለቀቋትም። ትንሽ ቢቆይ ራሷን ትስት እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ።

ወንድሜን ኮል አድርጌ ነገርኩት። «እኔ እኮ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለ።

ወንድሜ በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አልገባም። የእናቴ የንስሐ አባት ቤት ሄዶ ያደረገውን ነገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ደውሎ ስልኩን ለእሳቸው ሰጣቸው፤ እሳቸውም እናቴን አገሯ እስክትመለስ ድረስ እንዳትጾም አዘዟት።