ያላረፈድኩበት ጠዋት

ከላይ የመጣው መመሪያ ተማሪውን «ደንበኛ» ይለዋል። እኛ መምህራን እንደ ሱቅ እንድንፎካከር፣ እርስ በርስ ነጥብ እንድንሰጣጥና መጨረሻ የወጣው ከጎንደር ከተማ እንዲነሳ ተወሰነ። ስሰማው ደሜ ፈላ።

የመምህራን ማኅበራችን ሰብሳቢ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ነበሩ። «ሁላችንም ለሁላችን እኩል ነጥብ እንስጥ። ያኔ መጨረሻ የሚባል ሰው አይኖርም» አሉን። እጃችንን አውጥተን ተስማማን።

ቅጹ ሲመጣ ግን ሃያ ዓመት ፈተና ያረመ እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ሰዓት ያከብራል» የሚለው ላይ ስደርስ ከሰብሳቢያችን ሁለት ነጥብ ቀነስኩ። ያረፍዱ ነበራ! ምን ላድርግ? ሌላው መምህር ሁሉ ቃሉን ጠበቀ። በእኔ ሁለት ነጥብ መጨረሻ ወጡና ወደ አዲ አርቃይ ተዛወሩ።

ቦርሳቸውን ይዤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስናዘዝላቸው «ምነው፣ ማርፈዴስ እውነት አይደል?» አሉኝ እንጂ አልተቆጡም። ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ቁስቋም ሰፈር የሚኖሩ የሰባት ተማሪዎች ስምና የቤት አድራሻ ተጽፎበታል። ትምህርት ሊያቋርጡ የነበሩ፣ እኔም የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። ለካ ጠዋት ጠዋት በየደጃቸው እየዞሩ፣ ወላጅ እየለመኑ፣ ልጆቹን አስከትለው ነበር የሚመጡት።

ሰኞ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ቁስቋም መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁና ቀጥ ብዬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ገብቼ ስም ጠራሁ። ሰባቱም የሉም።

እኔ ግን አላረፈድኩም።