ከኪሴ የወጣው ሥዕል

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። የስፌት መኪና ጥገና የተማርኩት በመፍታትና በመግጠም ነው፤ ንባቡንም ያሻሻልኩት ራሴው ነኝ። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብዬ አላምንም ነበር። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ደሴ እቤት ተቀምጣ ጨርቅ እየለጠፈች ሥዕል ስትሠራ፣ «ጨርቅ ከምትለጣጥፊ ሙያ ተማሪ» እያልኩ ስገሥጻት ከረምኩ።

ጨርቁን የማመጣላት ግን እኔው ነበርኩ። ኮምቦልቻ በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ከመቁረጫው ሥር ብዙ ቁርጥራጭ ይወድቃል። እኛ የጥገና ሠራተኞች ዘይት የምንጠርገው በእሱ ነው። ንጹሕ የሆነውን በቱታዬ ኪስ ይዤላት እገባለሁ።

በዚያ ቁርጥራጭ የደሴን ሰኞ ገበያ ሠራችው፤ ጃንጥላውን፣ የበርበሬውን ጆንያ፣ ግፊያውን ሳይቀር። ስትሠራም እጇን በስልክ ቀርጻ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን ያየው ሰው ከደሴና ከኮምቦልቻ ሕዝብ በለጠ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በሠራተኞች ሰርቪስ ላይ ላልጠየቀኝ ሁሉ አሳየሁ።

አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የቪዲዮውን ድምፅ ከፍ ሲያደርገው የልጄ ቃል ተሰማ፦ «ጨርቁን አባቴ ነው ከፋብሪካ በኪሱ የሚያመጣልኝ።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ።

«ጋሼ፣ ዛሬ በር ላይ እርስዎን ነው ደህና አድርገው የሚፈትሹት!»

«በግራ ኪስዎ ደግሞ ምን አለ? ማክሰኞ ገበያ?»

እኔ አልሳቅኩም። ማንንም አስፈቅጄ አላውቅማ። በዚህ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ቤት እንደገባሁ «ያንን ነገር አጥፊው» አልኳት።

«ሰው ስላየው ነው ወይስ ጥፋት ስለሆነ?» አለች። «የሰው ሐቅ መርፌም ብትሆን ሐራም ናት ያልከኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ሳታስፈቅድ ያመጣኸው ከሆነ ሥዕሉንም አልፈልገውም። ወስደህ መልስ።»



በማግሥቱ ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ኃላፊዋ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። «ጨርቁን የወሰድኩት ሳላስፈቅድ ነው። ልጄ መልስ ብላኛለች» አልኳት።

ጋዜጣውን ገልጣ ሥዕሉን አየችው። «የሚጣልም ቢሆን መጠየቅ ነበረብዎት» አለችና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችብኝ። ወዲያው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ከረጢት ቁርጥራጭ እንዳወጣ የመውጫ ፈቃድ ጻፈችልኝ። ሥዕሉንም «ለልጅዎ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ዛሬ ሰዎች «ስንት ሰው አየላት?» ሲሉኝ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። እኔን ያኮራኝ ግን ያ ሁሉ ሰው የወደደላትን ሥራ «መልስ» ማለቷ ነው። ልጅ አሳድጋለሁ የሚል አባት፣ ምክሩ አንድ ቀን ወደ ራሱ እንደሚዞር ይወቅ።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስትቀርጽ ራሴ እንድናገር ጠየቀችኝ። «በፊት ሳላስፈቅድ ነበር የምወስደው፤ አሁን ተፈቅዶልኛል» አልኩ።  ይህን ቁረጪው አላልኳትም፤ እሷም አልቆረጠችውም።